ልጅ በድንገት ሲያነክስ፦ የዳሌ መገጣጠሚያ ጊዜያዊ ብግነትና ከእርሱ ጋር የሚምታቱ ሕመሞች

ማታ ሲሮጥና ሲዘል ያመሸ ሕፃን ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ አንድ እግሩን መርገጥ ቢያቅተው ወላጅ የሚደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አልወደቀም፤ አልተመታም፤ የሚታይ እብጠት ወይም ቁስል የለም። ሆኖም ያነክሳል፤ ‹ተነሥ› ሲባል ያለቅሳል፤ ሲጠየቅም አንዴ ብሽሽቱን፣ አንዴ ጭኑን፣ አንዴ ደግሞ ጉልበቱን ያሳያል። ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ባሉ ልጆች ላይ እንዲህ ያለ ድንገተኛ የዳሌ ሕመም ሲከሠት፣ ከሁሉ በላይ የሚያዘወትረው ምክንያት የዳሌ መገጣጠሚያ ጊዜያዊ ብግነት ነው።

ስሙ እንደሚያመለክተው ሕመሙ ጊዜያዊ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ሄዶ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ይጠፋል፤ መገጣጠሚያውንም አይጎዳም። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከዚህ ቀላል ሕመም ጋር እጅግ የሚመሳሰል፣ ነገር ግን በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያን ለዘለቄታው ሊያበላሽ የሚችል ሌላ ሕመም አለ። ሁለቱን የመለየቱ ሥራ በአዲስ አበባም ሆነ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የሚኒሶታ መንትያ ከተሞች አካባቢ፣ በብሉሚንግተን ጭምር፣ ሐኪሞችን የሚፈትን ነው። በሚኒሶታ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሣል።

መገጣጠሚያው ውስጥ ምን ይፈጠራል?

የዳሌ መገጣጠሚያ ኳስና ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። ኳሱ የጭን አጥንት ራስ ሲሆን፣ ሳህኑ በዳሌ አጥንት ላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ሁለቱን በከረጢት መልክ የሚጠቀልል ጠንካራ ሽፋን አለ። የከረጢቱ ውስጠኛ ገጽ በስስ ለስላሳ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ይህም ሽፋን መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ጥቂት ፈሳሽ ያመነጫል።

ብግነት ሰውነት ለጉዳት ወይም ለተዋሲያን የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህ ስስ ሽፋን ሲበግን ያብጣል፤ ፈሳሹንም ከወትሮው አብዝቶ ያመነጫል። ከረጢቱ እንደ ልብ የሚለጠጥ ባለመሆኑ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። ሕፃኑ ጉልበቱን በጥቂቱ አጥፎ፣ እግሩን ወደ ውጭ ከፈት አድርጎ የሚተኛው በዚህ ምክንያት ነው። ለከረጢቱ ሰፊ ቦታ የሚሰጠው ይህ አተኛኝ ስለሆነ፣ ልጁ ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል። ሐኪም እግሩን ወደ ውስጥ ሲያዞር ደግሞ ከረጢቱ ስለሚጠብ ሕመሙ ይነሣል።

የጉልበቱም ነገር ማብራሪያ ያሻዋል። የዳሌን መገጣጠሚያ ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች ወደ ጭንና ወደ ጉልበትም ቅርንጫፍ አላቸው። ስለዚህ አንጎል ከዳሌ የመጣውን ሕመም ከጉልበት እንደመጣ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ‹ጉልበቴን አመመኝ› የሚል ልጅ ጉልበቱ ብቻ ተመርምሮ የሚመለስ ከሆነ ችግሩ ሳይታይ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የሕፃናት ሐኪሞች በጉልበት ሕመም ለመጣ ልጅ ሁሉ ዳሌውንም መመርመርን ልማድ አድርገዋል።

ማንን ይይዛል? መነሻውስ ምንድን ነው?

ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሲሆን፣ ወንዶችን ከሴቶች በእጥፍ ያህል ያጠቃል። ብዙውን ጊዜ አንዱን ዳሌ ብቻ ይይዛል። በስዊድን የማልሞ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት፣ አንድ ልጅ በልጅነት ዘመኑ በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድሉ 3 በመቶ ገደማ እንደሆነ ገምቷል። ይህ ማለት 30 ያህል ተማሪዎች ባሉበት አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ እንደማለት ነው።

ትክክለኛ መነሻው እስካሁን በእርግጠኝነት አልተለየም። ብዙዎቹ ልጆች ግን ማነከስ ከመጀመራቸው ከጥቂት ቀናት ወይም ከአንድና ሁለት ሳምንት በፊት ጉንፋን፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። ከዚህ የተነሣ ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ሲታገል የተቀሰቀሰው የመከላከል ምላሽ የመገጣጠሚያውን ሽፋን ያስቆጣዋል የሚለው ግምት ሰፊ ተቀባይነት አለው። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያ አይገኝም፤ ሕመሙም ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም።

ከነቀርሳ የተለየው ሕመም

ይህ ሕመም ራሱን የቻለ ስም ያገኘው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የአጥንትና የመገጣጠሚያ ነቀርሳ እጅግ የተስፋፋ ነበር። የሚያነክስ ሕፃን ሲመጣ ሐኪሞች አስቀድመው የሚጠረጥሩት የዳሌ ነቀርሳን ነበር፤ ልጁም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከአልጋ እንዳይነሣ ወይም በብረት ድጋፍ ታስሮ እንዲኖር ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 የቦስተኖቹ ሐኪሞች ሮበርት ላቬትና ጆን ሞርስ የዳሌ ነቀርሳ መስሎ ጀምሮ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምንም ጉዳት ሳይተው የሚጠፋ ሕመም መኖሩን በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ገለጹ። ‹ኃላፊ የዳሌ በሽታ› የሚል ትርጉም ያለው ስምም ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስሞች ተፈራርቀውበታል። አንዳንዶች ‹ቁጡ ዳሌ› አሉት፤ በላቲን ‹ሸሺ የዳሌ ብግነት› ተብሎም ተጠራ። ‹የክትትል ዳሌ› የሚለው ስም ደግሞ የሐኪሞቹን ጭንቀት ያሳያል፤ ምክንያቱም ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ እስኪሻለው ድረስ ሕመሙ ቀላሉ መሆኑን የሚያረጋግጥ መንገድ አልነበረም። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ አካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ሆስፒታል በሚኒሶታ ተቋቋመ። ጀርባዋ የጎበጠ ጄሲ ሃስኪንስ የተባለች ተማሪ ከአጥንት ሐኪሙ አርተር ጊሌት ጋር ሆና የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት በመወትወቷ የተገኘ ፍሬ ነበር። ዛሬ በሴይንት ፖል የሚገኘው የጊሌት የሕፃናት ሆስፒታል የሐኪሙን ስም ይዞ ቀጥሏል።

የሚፈራው መሳይ

በዛሬው ጊዜ ሐኪሞች ከሁሉ አስቀድመው ማስወገድ የሚፈልጉት ጥርጣሬ መገጣጠሚያው በባክቴሪያ ተመርዞ መግል መቋጠሩን ነው። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ በደም ተጉዞ ወደ መገጣጠሚያው ይገባል፤ በጣም የሚያዘወትረውም ስታፊሎኮከስ ኦርየስ የተባለው ነው። ሁለት ጉዳት በአንድነት ይደርሳል። በመጀመሪያ ባክቴሪያውና እርሱን ለመዋጋት የመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ካርቲሌጅ ይበሉታል። ሁለተኛ፣ ለጭን አጥንት ራስ ደም የሚያደርሱ ቀጫጭን ሥሮች ከረጢቱን ተከትለው ስለሚያልፉ በመግሉ ግፊት ሊታነቁ ይችላሉ። ደም ያጣ አጥንት ይሞታል። ውጤቱ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ማነከስ፣ የእግር ማጠር፣ ገና በወጣትነት የዳሌ መገጣጠሚያ መበላሸት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መግል የያዘ ዳሌ ለነገ የሚባል አይደለም። ሐኪሞች መገጣጠሚያውን በቀዶ ሕክምና ከፍተው ያጥባሉ፤ አንቲባዮቲክም በደም ሥር ይሰጣሉ። በጊዜ የደረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይድናል። በአንጻሩ ጊዜያዊ ብግነት ያለበትን ልጅ አደንዝዞ ዳሌውን መክፈት አላስፈላጊ ሥቃይ ነው። ፈተናው ከሁለቱም ስሕተት መዳን ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

እ.ኤ.አ. በ1999 በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ሚኒንደር ኮከርና ባልደረቦቹ የብዙ ሕፃናትን መዝገብ አገላብጠው ሁለቱን ሕመሞች ለመለየት የሚረዱ አራት ምልክቶችን አወጡ። ልጁ በእግሩ ጨርሶ መርገጥ አቅቶታልን? ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነውን? የነጭ የደም ሕዋሳቱ ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ከ12,000 በላይ ነውን? ቀይ የደም ሕዋሳት በሙከራ ቱቦ ውስጥ ወደ ታች የሚዘቅጡበት ፍጥነት በሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነውን? የመጨረሻው ምርመራ በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የቆየ መለኪያ ነው።

በዚያ ጥናት ከአራቱ አንዱም የሌለበት ልጅ መገጣጠሚያው በባክቴሪያ የመመረዝ ዕድሉ ከ0.2 በመቶ በታች ነበር። አንድ ምልክት ሲኖር 3 በመቶ፣ ሁለት ሲኖሩ 40 በመቶ፣ ሦስት ሲኖሩ 93 በመቶ፣ አራቱም ሲኖሩ ከ99 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። በኋላም ‹ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን› የተባለው የደም ምርመራ ከእነዚህ ጋር ተጨመረ፤ በአንድ ሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ጥርጣሬውን ያጠነክራል።

እነዚህ አኃዞች ሲታዩ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ግን አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2004 እነዚያው የቦስተን ሐኪሞች መለኪያውን በአዲስ ሕሙማን ላይ ሲፈትሹት አራቱም ምልክቶች ላሉበት ልጅ ግምቱ ወደ 93 በመቶ ወረደ። በሴይንት ሉዊስ የተደረገና በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 59 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኘው። ልዩነቱ የሚያስተምረው ነገር አለ። መለኪያው ሐኪሙን ይመራዋል እንጂ አይተካውም፤ የአንድ ምልክት ክብደት ልጁ በሚኖርበት አካባቢ የትኞቹ ሕመሞች እንደሚገኙ ይወሰናል። በተጨማሪም ከስድስት ወር እስከ አራት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የሚያዘወትር ኪንጌላ ኪንጌ የተባለ ባክቴሪያ ያለ ከፍተኛ ትኩሳት ቀስ ብሎ ሊገባ ስለሚችል፣ በመለኪያው ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል።

አልትራሳውንድ በመገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ መኖሩን ያለ ሥቃይና ያለ ጨረር ያሳያል፤ ፈሳሹ መግል ይሁን አይሁን ግን ለይቶ አይናገርም። ጥርጣሬው ካየለ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በቀጭን መርፌ ፈሳሹን ይቀዳና ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ራጅ በአንጻሩ በጊዜያዊ ብግነት ላይ ብዙውን ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይታያል፤ የሚነሣው ስብራትን ወይም የአጥንቱን ራስ የሚለውጡ ሌሎች ሕመሞችን ለማየት ነው።

በሚኒሶታ የሚነሣው ተጨማሪ ጥያቄ፦ መዥገር

ብሉሚንግተን ብዙዎች በገበያ ማዕከሏ፣ በሞል ኦፍ አሜሪካ፣ የሚያውቋት ከተማ ናት። ነገር ግን ደቡባዊ ዳርቻዋ የሚኒሶታ ወንዝ ሸለቆ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዱር እንስሳት መጠለያም በዚያ ይገኛል። ቤተሰቦች በበጋ የሚዝናኑበት የሃይላንድ ሐይቅ ፓርክም በከተማዋ ውስጥ ነው። ሚኒሶታ ደግሞ የላይም በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አንዷ ናት።

የበሽታው ስም የተወሰደው በኮኔቲከት ከምትገኘው የላይም ከተማ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያች ከተማ የሚኖሩ እናቶች ብዙ ልጆች በመገጣጠሚያ ብግነት መያዛቸውን አስተውለው ለጤና ባለሥልጣናት ባያመለክቱ ኖሮ ምርመራው ባልተጀመረም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ዊሊ በርግዶርፈር የተባሉት ተመራማሪ በመዥገር ውስጥ የበሽታውን ባክቴሪያ አገኙ፤ ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተብሎም በስማቸው ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የሚኒሶታው የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሽታ የሚያመጣ ሌላ ዝርያ ማግኘታቸውን ያስታወቁ ሲሆን፣ ዝርያው በክሊኒኩ ስም ተሰይሟል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ወገን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት ባክቴሪያ የዚሁ የቦሬሊያ ቤተሰብ አባል ነው።

የላይም በሽታ ከመዥገር ንክሻ በኋላ ከሳምንታት እስከ ወራት ቆይቶ መገጣጠሚያን ሊያሳብጥ ይችላል። ከሁሉ አብልጦ የሚይዘው ጉልበትን ነው፤ ዳሌንም ግን ሊይዝ ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚታየው ምልክት በጊዜያዊ ብግነትና በመግል መካከል ይወድቃል። ልጁ ያነክሳል፤ የደም መለኪያዎቹ ከፍ ይላሉ፤ የሚያስፈልገው ሕክምና ግን ቀዶ ጥገና ሳይሆን በአፍ የሚወሰድና ለአራት ሳምንታት ያህል የሚቀጥል አንቲባዮቲክ ነው።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በንክሻው ስፍራ የሚወጣው እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሽፍታ በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ሲታይ፣ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ያለ ወይም የሰንበር መልክ ሊኖረው ይችላል፤ በዚህ ምክንያት በቀላሉ ይዘነጋል። ሁለተኛው የጊዜው መራራቅ ነው። ጥቁር እግር ያላቸው መዥገሮች በሚኒሶታ በብዛት የሚንቀሳቀሱት ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ እንዲሁም በመከር ወራት ቢሆንም፣ የመገጣጠሚያው ሕመም በረዶ ከጣለ በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ በታኅሣሥ ወር ‹በበጋ ጫካ ሄዳችሁ ነበርን?› ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ከመንገድ የወጣ አይደለም።

ሌሎች ሊታሰቡ የሚገባቸው

ሕመሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም እየተመላለሰ ከመጣ ሐኪሙ ሌሎች ምክንያቶችን ይፈልጋል። ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የጭን አጥንት ራስ ደም በማጣት የሚሸረሸርበት የፐርተስ በሽታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በተለያዩ አገሮች የነበሩ ሦስት ሐኪሞች በየፊናቸው ገልጸውታል። ከአሥር ዓመት በላይ በሆኑ፣ በተለይም ክብደታቸው በጨመረ ልጆች ላይ ደግሞ የጭን አጥንት ራስ ከዕድገት መሥመሩ ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ ይህ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይሻል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ከመገርጣት፣ ከክብደት መቀነስና ያለ ምክንያት ከሚታይ የቆዳ መበለዝ ጋር ሲመጣ የደም ካንሰር መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት።

በኢትዮጵያ ላሉ ልጆችና በቅርቡ ከአገር ለመጡት የመገጣጠሚያ ነቀርሳ አሁንም ከጥርጣሬ ዝርዝር አይወጣም። ነቀርሳው ቀስ በቀስ፣ በሳምንታትና በወራት የሚገፋ መሆኑ በአንድ ሌሊት ከሚጀምረው ጊዜያዊ ብግነት ይለየዋል። ያልተፈላ ወተት የሚያስተላልፈው ብሩሴሎሲስም መገጣጠሚያን ሊያሳምም ይችላል። በሌላ በኩል ክትባት ብዙ ለውጥ አምጥቷል። ቀደም ባለው ጊዜ የሕፃናትን መገጣጠሚያ ከሚመርዙት ዋና ዋና ባክቴሪያዎች አንዱ የነበረው ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ‹ቢ›፣ ክትባቱ በተዳረሰባቸው አገሮች እጅግ ቀንሷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገብታለች።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ጊዜያዊ ብግነት መሆኑ ሲታመን ሕክምናው ሁለት ነገር ነው፤ ዕረፍትና የብግነት ማስታገሻ። ልጁ እስኪሻለው ድረስ ከሩጫና ከዝላይ ይታቀባል፤ በአልጋ ላይ መታሰር ግን አያስፈልገውም። ሕመሙ ራሱ ልኩን ይነግረዋል። አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር፣ በልጁ ክብደት ተለክቶ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አይቡፕሮፌን የወሰዱ ልጆች ሕመም በአማካይ በ2 ቀን ሲቆም፣ ያልወሰዱት ግን 4 ቀን ተኩል እንደቆየባቸው አሳይቷል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን፣ የኩላሊት ችግር ላለበት ወይም በትውከትና በተቅማጥ ውኃው ለተሟጠጠ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መስጠት አይገባም። አስፕሪንም ለሕፃናት አይሰጥም፤ ከቫይረስ ሕመም በኋላ ሲወሰድ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ብርቱ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

በአሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች የመድኃኒት ስሞችን ሊያስተውሉ ይገባል። በአገር ቤት ፓራሲታሞል የሚባለው በአሜሪካ አሴታሚኖፌን ወይም በንግድ ስሙ ታይሌኖል ነው፤ አድቪልና ሞትሪን ደግሞ ሁለቱም አይቡፕሮፌን ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጣውን ከመደብር ከተገዛው ጋር ሁለት የተለያየ መድኃኒት መስሎ አደባልቆ መስጠት ልጁን ከልክ በላይ ሊያስወስደው ይችላል።

አንቲባዮቲክ ለጊዜያዊ ብግነት አይጠቅምም። ከዚህም በላይ ምርመራ ሳይደረግ ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠት፣ መገጣጠሚያው በእርግጥ ተመርዞ ከሆነ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ እንዳይገኝ ያደርጋል። ከተሻላቸው ልጆች መካከል ጥቂቶቹ በሌላ ጊዜ ይመለስባቸዋል፤ በዚያን ጊዜም ‹ያው የቀድሞው ነው› ብሎ መተው ሳይሆን እንደገና መመርመር ይገባል።

ወጌሻ፣ ብርድና ቅቤ

‹ብርድ መትቶት ነው›፣ ‹ወለም ብሎት ነው› የሚሉ ግምቶች በኢትዮጵያውያን ቤት የተለመዱ ናቸው። በሚኒሶታ ክረምት የመጀመሪያው ይበልጥ የሚታመን ይመስላል። የውጭው ቅዝቃዜ ግን ወደ መገጣጠሚያ ገብቶ ብግነት አይፈጥርም። በቅዝቃዜ ወራት ልጆች በቤትና በትምህርት ቤት ተጠጋግተው ስለሚውሉ ቫይረሶች ይበዛሉ፤ ከቫይረሱ በኋላም ዳሌው ሊቆጣ ይችላል። አባባሉ ወቅቱን አስተውሏል፤ ምክንያቱን ግን አላገኘም።

ወጌሻ ለብዙ ትውልድ የኅብረተሰቡ የአጥንት ባለሙያ ሆኖ ኖሯል። የበገነን የሕፃን ዳሌ ማሸት፣ መሳብና ማሰር ግን ሕመሙን ከማባባስ በቀር ፋይዳ የለውም። የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከመዘግየት ነው። ልጁ ጊዜያዊ ብግነት ከያዘው በታሸ በሳምንቱ ይድናል፤ ምስጋናውም ለወጌሻው ይሆናል። መግል ከያዘው ግን ያ ሳምንት የማይመለስ ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ልጅ መዳን ለሁለተኛው ልጅ መዘግየት ምክንያት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

‹እግሩን አመመው› ሲባል

አማርኛ ‹እግር› የሚለውን አንድ ቃል ከዳሌ እስከ ጣት ላለው አካል ሁሉ ይጠቀምበታል። በእንግሊዝኛ ግን የላይኛውና የታችኛው ክፍል የየራሱ ስም አለው። ‹እግሩን አመመው› የሚለው ቃል ሲተረጎም ሐኪሙ መርገጫውን ብቻ ሊመለከት ይችላል። ‹ጉልበት›ም አንድ ጊዜ መገጣጠሚያውን፣ ሌላ ጊዜ ኃይልን ስለሚያመለክት ‹ጉልበት አጣ› የሚለው አነጋገር ያምታታል። ስለዚህ ስፍራውን በጣት ማሳየትና ‹ብሽሽቱ›፣ ‹ጭኑ›፣ ‹ጉልበቱ ላይ› እያሉ መለየት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ትኩሳቱ የጀመረው ‹ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት› ላይ ከሆነ በአሜሪካ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ቀላል አይደለም፤ አይቡፕሮፌን በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ የሚሰጥ ነውና። የሙቀት መለኪያም ልዩነት አለው፤ በሴልሺየስ 38.5 የሚለው በፋራናይት 101.3 ነው። ትኩሳት የሚያበርድ መድኃኒት አስቀድሞ ተሰጥቶ ከሆነም ስሙንና ሰዓቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ልጁ ትኩሳት የሌለበት መስሎ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ቋንቋ ለማይችሉ ሰዎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ገና ሕፃን ከሆነ የታናሹን ሕመም እንዲተረጉም ማድረግ አይገባም፤ ሕጉም ከድንገተኛ አደጋ በቀር አይፈቅደውም። ቀጠሮ ሲያዝ ‹የአማርኛ አስተርጓሚ› ወይም ‹የኦሮምኛ አስተርጓሚ› ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

መቼ ነው ሳይዘገዩ መሄድ የሚገባው?

ትኩሳት ሳይኖረው በጥቂቱ የሚያነክስ፣ የሚጫወትና የሚበላ ልጅም ቢሆን በዕለቱ ወይም በማግሥቱ በሐኪም ሊታይ ይገባል። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል፦

ልጁ ጨርሶ መርገጥ ወይም እግሩን ማንቀሳቀስ ካልቻለ፤
ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሆነ፤
የደከመና የፈዘዘ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ምግብና መጠጥ እንቢ ያለ እንደሆነ፤
መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ከቀላ፤
ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ፤
ሕመሙ በማስታገሻ ካልቀነሰ ወይም ከቀን ወደ ቀን ከባሰ።

በሐኪም ታይቶ ‹ጊዜያዊ ነው› ተብሎ የተመለሰ ልጅም ከክትትል አይወጣም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን መለካትና አረማመዱን ማየት ይገባል፤ ትኩሳት አዲስ ከመጣ ወይም መርገጥ ካቆመ በዚያው ዕለት መመለስ እንጂ የተያዘውን ቀጠሮ መጠበቅ አይበጅም። ሐኪም በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ምርመራ ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። ያረጋግጥለት ዘንድ ግን የሁለተኛውና የሦስተኛው ቀን ሁኔታ ያስፈልገዋል፤ ያንን የሚያይለት ደግሞ ቤት ያለው ወላጅ ነው።